አሻጋሪዎቹ

(የሕክምና ፋኩልቲ ምሩቃን ወደ ደብረ ሊባኖስ ባደረጉት ጉዞ፣ ጫንጮ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «አንቺ ጫንጮ ሠርተሻል፣ አገሩን ታውቂዋለሽ፣ ከምሳ በፊት ትንሽ ተናገሪ» ብሎኝ ነው የቆምኩት። ስለ ሱሉልታ ወተትና ድርቆሽ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። ወተቱ ይቆየን። እኔ ማውራት የፈለግሁት ስለመጣንበት መንገድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከእንጦጦ ጀርባ ወርደን፣ ሱሉልታን አልፈን እዚህ ስንደርስ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል። እዚህ ጫንጮ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደርባና ሙገር ይወስዳል። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ደብረ ጽጌን አልፎ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ፍቼ ይዘልቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ አንዲት መኪና ሦስት ሰዎች ይዛ ከአዲስ አበባ ወጥታ ወደዚሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅጣጫ ሄዳለች። ሁለቱን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ናቸው። ሦስተኛው ሹፌሩ ነው። ስሙ ስምዖን አደፍርስ ይባላል። የሐረር ልጅ ነበር።

የተነሡበትን ቦታ ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን። ስድስት ኪሎ ነው። ያን ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል ነበር፤ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ግቢ። ግማሾቻችን የምረቃ ካባችንን ለብሰን ፎቶ የተነሣነው እዚያው ነው፣ አንበሳ የተቀመጠበት የጣሊያኖቹ ደረጃ አጠገብ። በዚያ ዓርብ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አብርሃ በጣሊያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ በአስተርጓሚነት ይሠራ ስለነበር የጠላትን ውስጥ አዋቂ ነው። የእጅ ቦምቦቹ ተወረወሩ፤ ግራዚያኒ ብዙ ፍንጣሪ ገባበት፣ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ አንድ እግሩን አጣ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የሆነውን ለመድገም ጉልበቱም የለኝም፣ ከምሳ በፊትም አይወራም። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብላለች፤ አጥኚው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። የትኛውንም ብንወስድ ያው ነው።

እኔ የምከተለው መኪናዋን ነው። ስምዖን ሁለቱን አደረሰና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ወደዚያች፣ ቤት እየተቃጠለባት ወዳለችው ከተማ። ተያዘ፤ በስቃይ ሞተ። አብርሃና ሞገስ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ተቀላቅለው ቆዩ፣ በኋላ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙ መንገድ ላይ ተገደሉ። በየዓመቱ የካቲት 12 ሲመጣ የሁለቱን ስም እንሰማለን። የሹፌሩ ስም በጎን ይጠራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠራም።

ይህን ነገር ማሰብ የጀመርኩት እዚህ ጫንጮ በሠራሁባቸው ዓመታት ነው። ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የቤተሰብ ታሪክ ስጠይቃቸው፣ እኔ የፈለግሁት የስኳርና የልብ ሕመም መኖር አለመኖሩን ነው፣ እሳቸው ግን ወደ አማታቸው ዘመን ገቡ። (የቤተሰብ ታሪክ እንዴት እንደሚወሰድ ያስተማራችሁን መምህራን እዚህ አላችሁ፤ ሰውን አታቋርጡ ብላችሁ ነበር። አላቋረጥኩም። ወረፋው ግን እስከ በር ደርሶ ነበር።) በጣሊያን ጊዜ አማታቸው ማታ ማታ ምግብ በሰፌድ አድርገው ድርቆሽ ክምሩ ሥር ያስቀምጡ ነበር አሉኝ። ጠዋት ሰፌዱ ባዶውን ይገኛል። «ማን ነበር የሚወስደው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዞር ብለው አያዩም ነበር እኮ! ካላዩ ቢጠየቁ ምን ይናገራሉ?»

ይህች ዓረፍተ ነገር ያልተማረች የገበሬ ሚስት የፈጠረችው የስለላ ትምህርት ናት። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ይህን ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁመውለት ነበር። ኤም አይ ዘጠኝ ይባላል፤ በታኅሣሥ 1939 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው፣ የመራውም ኖርማን ክሮካት የሚባል መኮንን ነው። ሥራው ሁለት ነው። አውሮፕላኑ ተመትቶ የወደቀ ወይም ከጦሩ የተቆረጠ ወታደር እንዳይያዝ ማድረግ፣ የተያዘውን ደግሞ እንዲያመልጥ መርዳት። ካርታ በሐር ጨርቅ ላይ ያትሙ ነበር፤ ሐር ሲታጠፍ ድምፅ የለውም፣ ውኃ ቢነካውም አይበጣጠስም። ኮምፓስ በልብስ ቁልፍ ውስጥ ይደብቁ ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ 35 ሺህ ያህል የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮች ከጠላት እጅ ወይም ከጠላት መሬት ወጥተው ወደ ወገናቸው ተመልሰዋል ይባላል።

ሐሩና ኮምፓሱ ለሙዚየም ያምራሉ። ወታደሩን የሚያሻግረው ግን ሰው ነው። አንዱ ያሳድረዋል፣ ሌላው ልብስ ይሰጠዋል፣ ሦስተኛው ባቡር ጣቢያ ያደርሰዋል። ደንቡም አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ይወቅ። የእኛ ሙያ ይህን ነገር ገልብጦ ያውቀዋል። ቲቢ ያለበት ሰው ሲመጣ «ከማን ጋር ትኖራለህ? ማን ጠየቀህ? የት ሰነበትክ?» እያልን ሰንሰለቱን ወደ ኋላ እንስባለን። በኮቪድ ጊዜ ሌሊት ስልክ ስንደውል ያደርነው ለዚሁ ነው። እንግዲህ መርማሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ንክኪ ፍለጋ ነው። ልዩነቱ እኛ የምንፈልገው ለማዳን፣ እሱ የሚፈልገው ለመግደል መሆኑ ነው። አሻጋሪዎች ደግሞ ፍለጋው የሆነ ቦታ ላይ እንዲቆም አድርገው ነው ሰንሰለቱን የሚሠሩት። ሰፌዱን አስቀምጠው ዞር ብለው የማያዩት ለዚህ ነው።

የስምዖን መስመር ይህ አልነበረውም። አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሰላሌ። መነሻውንም መድረሻውንም የሚያውቀው ያው አንድ ሰው ነው። የጣሊያን መርማሪዎች ሁለቱ ሰዎች ደብረ ሊባኖስ መድረሳቸውን ደርሰውበታል፤ ውጤቱንም ከሰዓት በኋላ በቦታው ቆመን እናስበዋለን። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን ጄኔራል ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱን አስረሸነ። ግራዚያኒ በመጀመሪያው ሪፖርቱ 297 መነኮሳት አለ፤ በኋላ ዲያቆናቱም ተጨመሩ። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያጠኑት ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ይህን የምለው ስምዖንን ልወቅስ አይደለም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ጀርባው ላይ ለንደን የተቀመጠ መሥሪያ ቤት አልነበረውም። መኪናውና ልቡ ብቻ ነበሩት።

ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ፤ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በወጣው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ለማምለጥ ሞክሮ የተያዘ ምርኮኛ የዲሲፕሊን ቅጣት ብቻ ነው የሚገባው። ሕጉ ሁልጊዜ አልተከበረም፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ከአንድ የአየር ኃይል ምርኮኞች ካምፕ ካመለጡት መካከል 50ዎቹን ረሽነዋል። ቢሆንም ወታደሩ ሕግ ነበረው። ያሳደረችው ባልቴት ግን ሕግ የላትም። እሷ ስትያዝ የሚጠብቃት ግድግዳ ነው፤ ካልሆነም ማጎሪያ ካምፕ። አውሮፓ ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ለአምላጩ ካምፕ፣ ለአሻጋሪው ሞት።

እኛ ዘንድስ? እኛ ዘንድ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሙሶሊኒ በሰኔ 1936 እ.ኤ.አ. የተያዘ «ሽፍታ» ሁሉ እንዲረሸን በቴሌግራም አዝዟል። አርበኛው በነሱ ዓይን ወታደር አይደለም፣ ምርኮኛ የመሆን መብት እንኳ የለውም። እጅ መስጠትም አያዋጣም። ከዚህ ስትቀጥሉ የምታገኟት ፍቼ፣ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሰጥተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የተገደሉባት ከተማ ናት። የየካቲቱ መኪና ወደ ሰላሌ የሄደችው ከዚህ ሁለት ወር በኋላ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የጣሊያን ቃል ስንት እንደሚያወጣ አውቆ ነበር።

የጥቁር አንበሳን ነገር ሳላነሣ ብቀመጥ ጓዶቼ ይታዘቡኛል። ጥቁር አንበሳ ስንል እኛ ሌሊት ተረኛ ያደርንበት ሆስፒታል ነው የሚታየን፤ ሰባተኛ ፎቅ፣ የማይሠራ አሳንሰር። ስሙን የሚጋራው የአርበኞች ማኅበር ግን በ1928 ዓ.ም. ነቀምት ላይ የተሰባሰቡ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ያቋቋሙት ነው። ሊቀመንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ይባሉ ነበር፤ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። (የእንስሳት ሕክምና ወዳጆቻችን ይህን እንዳይሰሙ፣ አይለቁንም።) ማኅበሩ ደንብ ነበረው። ገበሬውን አታንገላቱ፣ ምርኮኛን አታሠቃዩ ይላል። ከዚያ ደግሞ አባላቱ ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደዱ ይከለክላል፤ ከመማረክም ሞትን እንዲመርጡ ያሳስባል። ለንደን ለወታደሮቿ «አምልጡና ተመለሱ» ስትል፣ ጥቁር አንበሳ «አትሂዱም፣ አትያዙም» ነው ያለው። ሳስበው አልፈርድባቸውም። የእንግሊዙ ወታደር የሚመለስበት አገር ነበረው። የነዚህ ልጆች አገር ግን እግራቸው ሥር የተወሰደችው ናት፤ ወዴት ይመለሳሉ?

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ ሁለት ልጆች ነበሯቸው ከዚህ ማኅበር ጋር፤ ዮሴፍና ቢንያም። አባትየው ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሳለ ሁለቱም ከየካቲት 12 በኋላ ተገደሉ። የሙያችን ታሪክ ሲወራ ሐኪም ወርቅነህን እንጠራለን፤ ይህም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው።

ከተማ ውስጥ የቀረው ሥራ የውስጥ አርበኞች ሥራ ነው። መረጃ፣ ጥይት፣ ልብስና መድኃኒት ወደ በረሃ ይልካሉ። መድኃኒት የሚለውን ልብ በሉልኝ። ቁስለኛ የያዘ አርበኛ ፋሻና ኪኒን ከሌለው ወይ ቁስለኛውን ጥሎ ይሄዳል ወይ አብሮ ይያዛል። ስለዚህ አንድ ጥቅልል ፋሻ ሰውን ከመያዝ የሚያስጥል መሣሪያ ነው። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው የገነነው ነው። ተይዘው አዚናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተጋዙ፤ ሲመለሱ አርፈው ቤታቸው የሚቀመጡ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል፣ ወደዚያው ሥራ ነው የገቡት።

እኛስ? እኔ አርበኛ አይደለሁም፤ ነጭ ጋወን ለብሼ ደመወዝ የምቀበል ሰው ነኝ። ግን አንድ ሌሊት፣ የት እንደሆነ ልተወው፣ ቁስለኛ ይዘው መጡ። የሰጡኝ ስም የልጁ ስም እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሲጠራ ቶሎ አይዞርም። የነገሩኝን ጻፍኩ፣ ቁስሉን አጠብኩ፣ ሰፋሁ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሰጠሁት። በማግስቱ አንድ ሰው መጥቶ «ትናንት ማታ የመጣው ማነው?» አለኝ። የታካሚ ምስጢር ነው፣ ጥያቄ ካለህ በጽሑፍ ለኃላፊ አቅርብ አልኩት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ እየተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ትንሽ ቆሞ አየኝና ሄደ፤ በቃ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ከዚህ የከበደ ሌሊት ያደራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በሻይ እረፍት ላይ ነግራችሁኛል። እዚህ መድረክ ላይ አልደግመውም።

ልጁ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር ጥፋተኛም ሊሆን ይችላል። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የእኛ መሐላ ግን ቁስለኛውን መዝኑት አይልም። አጣሪ አለ፣ ዳኛ አለ፤ የእነሱን ሥራ በመርፌና ክር መሥራት አንችልም። ስለላም አንሠራም፤ ለማንም፣ ለአሳዳጁም ለተሳዳጁም። ወጣት ሐኪሞች ይህን ሲጠይቁኝ የምላቸው ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ አይረኩም፣ እኔም አንዳንድ ሌሊት አልረካም።

አንድ ሰው ቀረኝ፤ ለመምህሮቻችን ስል ነው እስከ አሁን ያቆየኋት። አንድሬ ደ ዮንግ ትባላለች፣ የብራስልስ ልጅ ናት። በልጅነቷ የሰማችው ታሪክ የነርሷ የኤዲት ካቬል ነው፤ ወታደሮችን ደብቃ በማሻገሯ ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. እዚያው ብራስልስ የረሸኗት። አንድሬ በቀይ መስቀል ቁስለኞችን ስታስታምም ቆይታ በነሐሴ 1941 እ.ኤ.አ.፣ በ24 ዓመቷ፣ አንድ የእንግሊዝ ወታደርና ሁለት ቤልጅጎች ይዛ የፒሬኔ ተራሮችን በእግር አቋርጣ ስፔን፣ ቢልባኦ ከሚገኘው የእንግሊዝ ቆንስላ በር ላይ ቆመች። ገንዘብ ብቻ ስጡኝ፣ ሌሎችንም አመጣለሁ አለች። የጀርመን ሰላይ ትሆናለች ብለው መጀመሪያ ተጠራጠሯት። በኋላ ኤም አይ ዘጠኝ ወጪውን ሸፈነ፤ መስመሩም ኮሜት ተባለ። ወንዞችንና ተራሮቹን በሌሊት የሚያሻግራቸው ፍሎሬንቲኖ የሚባል የባስክ ኮንትሮባንዲስት ነበር። ጫማቸው የገመድ ሶል ያለው ሸራ ነው፤ ድንጋይ ላይ ድምፅ አያሰማም። እሷ ራሷ 118 ሰው አሻገረች።

በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ድንበሩ አጠገብ አንድ እርሻ ቤት ውስጥ ተያዘች። ሌሎቹን ለማዳን ስትል መሪዋ እኔ ነኝ አለቻቸው፤ ይህችን የምታህል ልጅ ብለው አላመኗትም። ከመረሸን ያዳናት ይህ ንቀታቸው ነው። አባቷን ግን ረሸኗቸው። ራቨንስብሩክና ማውትሃውዘን ካምፖች ውስጥ ቆይታ በሕይወት ወጣች፤ ከእንግሊዝ ንጉሥ ሜዳልያ ተቀበለች።

ከዚያስ? ከዚያ ነርስ ሆነችና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማስታመም አፍሪካ መጣች። ቤልጅግ ኮንጎ፣ ካሜሩን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም ሴኔጋል። አዎ፣ አዲስ አበባ! የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ውስጥ፣ የእኛው ሰዎች እግር ላይ ቁስል ስታጥብ ነበር። ጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ በ90 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ የታየኝ የናንተ ፊት ነው፣ ክቡራን መምህሮቻችን። ከእናንተ መካከል ተማሪ ሳላችሁ ወይም በጀማሪነታችሁ በሥጋ ደዌ ክፍል የሠራችሁ አላችሁ። አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን የሆነች የቤልጅግ ነርስ በአንድ ኮሪደር አልፋችኋት ይሆናል፤ ፋሻ አቀብላችሁኝ ብላችኋት ይሆናል። ምሳ ቀርቧል፣ ሽታው ይኸው ደርሶናል፣ አልያዝኳችሁም። እኔ እዚያ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፣ ደብተርም ይዣለሁ። እሷን የሚያስታውስ ካለ፣ ወይም አያቱ በዚህ መንገድ ላይ ማንን እንዳሳደሩ የሰማ ካለ፣ አውቶቡሱ በ8 ሰዓት ከመነሣቱ በፊት ይንገረኝ።